ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም.፦ ሙስሊሞች ለአዲስ መንግሥት ያቀረቡት አቤቱታ

በእንጅባራና በዳንግላ ዙሪያ፣ እንደ ጥርባ ባሉ የአዊ መንደሮችም ሆነ በቀረው ጎጃም፣ የመሬት ወግ ለብዙ ዘመን በትውልድ ሐረግ ሲቆጠር ኖሯል። አንድ ገበሬ «ርስቴ ነው» የሚለው አባቱንና አያቱን ቆጥሮ፣ መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት ጋር ያለውን ዝምድና በሽማግሌ ፊት አስረድቶ ነው። በዚህ የዘር ቆጠራ ውስጥ ሙስሊሙ በአብዛኛው ቦታ አልነበረውም። ሸማኔ ነበር፤ ነጋዴ ነበር፤ ሲያርስም በሌላው መሬት ላይ የእርቦ፣ የሲሶ ወይም የእኩል አራሽ ሆኖ ነበር።

በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር ተቃውሞ መሣሪያ ሲያነሣ ከምንም በላይ የሚሳሳለት ይህ ርስቱ ነበር። ግብሩ መሬቱን ለማስለካትና በኋላም ለመንጠቅ የመጣ መስሎት ነበርና። መንግሥት በመጀመሪያ ጦር ላከ፤ በመጨረሻም ጠቅላይ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴን አንሥቶ፣ ውዝፍ ግብሩንም ምሮ አመጹን አበረደው። ገበሬው አሸነፈ ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ድሉ ለባለ ርስት የተገኘ ድል ስለነበር፣ ርስት የሌለው ሙስሊም ሸማኔና አራሽ በነበረበት ቀረ።

ከስድስት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ላይ ሌላ ዐይነት ተቃውሞ ተደረገ። መሣሪያ አልነበረውም። ጥያቄውን በጽሑፍ ያዘጋጀ፣ በተራ ቁጥር የለየና ሥራ ከጀመረ ሁለት ወር ያልሞላው አዲስ ጠቅላይ ሚኒስትር ፊት ያቀረበ ነበር። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ የመሬት ጉዳይ አንዱ አንቀጽ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የተካሄደውን ይህን ሰልፍ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በሰልፈኛው ብዛትና በሦስቱ በዓላት ምክንያት ነው። ሁለቱም መታወሳቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን የቀኑ ዋና ቁም ነገር የኢትዮጵያ ሙስሊሞች ለዘመናት በሞገስ ይሰጣቸው የነበረውን ነገር በመብት መጠየቃቸው ነው ብሎ ይህ ጽሑፍ ያምናል። ከዚያ በኋላ የሆነውም የሚያስተምረን አንድ ነገር አለ፦ የጠያቂውን አንደበት የዘጋ መንግሥት የሚሰጠው መልስ፣ መልካም ቢሆን እንኳ፣ ጎዶሎ ሆኖ ይቀራል።

ከሰልፉ በፊት

ወደ ኋላ ሄደን ብናይ፣ የአገሪቱ ገዥዎች ከእስልምና ጋር የነበራቸው ግንኙነት በአንድ ቃል የሚጠቀለል አይደለም። በ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሙስሊሞች እምነታቸውን እንዲለውጡ የሚያስገድድ ውሳኔ አስከትሎ፣ በተለይም በወሎ ብዙ ደም የፈሰሰበትና ብዙ ሕዝብ የተሰደደበት ዘመን መጣ። በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ ከቀረቡባቸው ክሶች ዋነኛው ወደ እስልምና አዘንብለዋል የሚለው ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን ደግሞ ወራሪው ሕዝቡን ለመከፋፈል ሲል መስጊድ ሠራ፤ የዐረብኛ ትምህርትንም አበረታታ። ከድል በኋላ ይህ የወራሪ ዘዴ ባጠቃላይ በሙስሊሙ ላይ የጥርጣሬ ጥላ ጥሎ አለፈ፤ ከአርበኞቹ መካከል ሙስሊሞች መኖራቸው እንኳ ጥላውን ሙሉ በሙሉ አልገፈፈውም።

ከነጻነት በኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት የተከተለው መንገድ ከቀደሙት የለዘበ ነበር። በ1936 ዓ.ም. የቃዲና የናኢባ ምክር ቤቶች በአዋጅ ተቋቋሙ፤ በጋብቻ፣ በፍቺ፣ በውርስና በወቅፍ ጉዳይ ሙስሊሙ በሸሪዓ የሚዳኝበት በር ተከፈተ። በ1961 ዓ.ም. የቅዱስ ቁርኣን የአማርኛ ትርጉም ታትሞ ወጣ። በዒድ ቀን የሙስሊም ሽማግሌዎች ቤተ መንግሥት ገብተው ለንጉሠ ነገሥቱ የመልካም ምኞት መግለጫ ያቀርቡ ነበር። «ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው» የሚለው አባባልም በዘመኑ እጅግ የታወቀ ነበር።

አባባሉና ሕጉ ግን አልተገናኙም። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ126ኛው አንቀጽ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ ደነገገ፤ በመንግሥት እንደምትደገፍና ንጉሠ ነገሥቱም ምን ጊዜም የእርሷ እምነት ተከታይ እንደሚሆን አጸና። በ40ኛው አንቀጽ ደግሞ በአገሪቱ የሚኖሩ ሁሉ የሃይማኖታቸውን ሥርዐት እንዲፈጽሙ ፈቀደ፤ ይህም ለፖለቲካ ዓላማ እስካልዋለና የሕዝብን ጸጥታ እስካላወከ ድረስ ነበር። ሁለቱን አንቀጾች ጎን ለጎን ያነበበ ሰው የሚረዳው ግልጽ ነው፤ አንዱ ሃይማኖት ባለቤት ነው፣ ሌላው የተፈቀደለት ነዋሪ ነው።

በኑሮም የሚታየው ይኸው ነበር። ዒድ አል ፊጥር፣ ዒድ አል አድሓና መውሊድ በመንግሥት የበዓላት መቁጠሪያ ውስጥ አልነበሩም፤ ተማሪው ከትምህርት ቤት፣ ሠራተኛው ከቢሮ እየቀረ ወይም ፈቃድ እየለመነ ያከብራቸው ነበር። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቢቆሙም በበጀት የደከሙ ነበሩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ እነርሱ አንዳች ስላላነሣ ሕልውናቸው በልማድ ላይ የተንጠለጠለ ሆነ። በከፍተኛ ሹመት፣ በዲፕሎማሲና በጦር ሠራዊት አመራር ውስጥ ሙስሊም ማየት ብርቅ ነበር። አነጋገሩም ሳይቀር ነገሩን ይናገር ነበር፤ በመንግሥት ቋንቋ ውስጥ የተለመደው አጠራር «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» የሚል ነበር። አንድ ሰው በገዛ አገሩ «የሚኖር» ተብሎ ሲጠራ፣ የመጣበት ሌላ አገር ያለው ያስመስለዋል።

ሹመቱ አዲስ፣ ተስፋውም አዲስ

የ1966 ዓ.ም. ሕዝባዊ እንቅስቃሴ የጀመረው ከሙስሊሞች ጥያቄ አይደለም። በጥር መግቢያ የነገሌ ቦረና ወታደሮች በምግብና በውሃ ጉድለት አመጹ። በየካቲት የነዳጅ ዋጋ ጨመረ፤ የካቲት 11 የታክሲ ነጂዎችና መምህራን ሥራ አቆሙ። መምህራኑ በተለይ የተቃወሙት የድኻውን ልጅ ከከፍተኛ ትምህርት ያርቃል ያሉትን የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ ነበር። የተማሪዎችና የወታደሮች እንቅስቃሴ ሲበረታ፣ ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ በጠቅላይ ሚኒስትርነት የቆዩት የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ የካቲት 20 ሥልጣን ለቀቀ። በማግሥቱ ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ።

ልጅ እንዳልካቸው በኦክስፎርድ የተማሩ፣ በተባበሩት መንግሥታት የኢትዮጵያ መልእክተኛ የነበሩ፣ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው ልጅ ናቸው። ካቢኔያቸው አዲስ ይባል እንጂ በሕዝብ ድምፅ የመጣ አልነበረም። በ1965 ዓ.ም. የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምርጫ ተደርጎ ነበር፤ ሆኖም የፖለቲካ ፓርቲ በሌለበት የተካሄደ ከመሆኑም በላይ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሾመውም የሚሽረውም ንጉሠ ነገሥቱ እንጂ ምክር ቤቱ አልነበረም። የካቲት 26 ንጉሠ ነገሥቱ ሕገ መንግሥቱ እንዲሻሻልና ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለምክር ቤቱ ተጠያቂ እንዲሆን መፍቀዳቸውን አስታወቁ። ለዚሁ ሥራ ጉባኤ ተቋቋመ።

ይህ ማስታወቂያ ለሙስሊሙ ልዩ ትርጉም ነበረው። ሕገ መንግሥቱ ሊሻሻል ከሆነ 126ኛው አንቀጽም ሊነሣ ይችላል ማለት ነው። የአገሪቱ መሠረታዊ ውል እንደገና በሚጻፍበት ወራት ዝም ያለ ወገን፣ ከተጻፈ በኋላ ቢናገር የሚሰማው ጥቂት ነው። በዚያን ሰሞን ደግሞ ዝም ያለ ወገን አልነበረም። ከየካቲት 28 ጀምሮ የሠራተኞች ማኅበር አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ መታ፤ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ተማሪዎች፣ በዝቅተኛ ደመወዝ የሚኖሩ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ሳይቀሩ ጥያቄያቸውን ለአዲሱ ካቢኔ አቀረቡ። የሙስሊሞች ሰልፍ በዚህ የአቤቱታ ወቅት ውስጥ የበቀለ ነው። ከአጠቃላዩ የአገሪቱ እንቅስቃሴ ነጥሎ የሚያየው ሰው ምክንያቱንም ትርጉሙንም ያጣል።

ቀኑና 13ቱ ጥያቄዎች

ሚያዝያ 12 ቀን ቅዳሜ ነበር። በአዲስ አበባ አውራ ጎዳናዎች የወጣው ሕዝብ ወደ 100 ሺህ እንደሚደርስ ስለ ዘመኑ የጻፉ ሰዎች ገምተዋል። ነጋዴው፣ የመርካቶ ባለ ሱቅ፣ ሸማኔው፣ የመድረሳ ተማሪው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪውና የቢሮ ሠራተኛው አብረው ወጡ። ከሁሉም በላይ በብዙዎች አእምሮ የቀረው ክርስቲያን ወገኖች፣ በተለይም ተማሪዎችና መምህራን፣ በሰልፉ ውስጥ ገብተው የሃይማኖት እኩልነትን ደግፈው መጮኻቸው ነው። ሰልፉ በሰላም ተጀምሮ በሰላም ተፈጸመ።

ለጠቅላይ ሚኒስትሩ የቀረበው ጽሑፍ 13 ጥያቄዎችን የያዘ ነበር። ዋና ዋናዎቹን በአራት መክፈል ይቻላል።

የመጀመሪያው ክፍል የሕግ ጥያቄ ነው፤ መንግሥትና ሃይማኖት ይለያዩ፣ የእምነት ነጻነትና እኩልነት በሕግ ይረጋገጥ የሚል። ሁለተኛው የተቋም ጥያቄ ነው፤ ሙስሊሞች አገር አቀፍ ምክር ቤት እንዲኖራቸው፣ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በጀትና ነጻነት እንዲያገኙ፣ ሙስሊም ወጣቶች በማኅበር እንዲደራጁ። ሦስተኛው የኑሮ ጥያቄ ነው፤ ሙስሊሞች የመሬት ባለቤት የመሆን መብት እንዲኖራቸው፣ በመንግሥት አስተዳደር፣ በዳኝነት፣ በዲፕሎማሲና በጦር ሠራዊት ያለ አድልዎ እንዲቀጠሩና እንዲሾሙ። አራተኛው የክብር ጥያቄ ነው፤ ሦስቱ በዓላት ብሔራዊ በዓላት ሆነው እንዲከበሩ፣ በመገናኛ ብዙኃን የእስልምና ትምህርት ቦታ እንዲያገኝ፣ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» የሚለው አጠራር ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንዲባል።

ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ አዋጅም የማያሻው ስለሆነ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። በእኛ ግምት ግን የቀሩት 12 ጥያቄዎች ቁልፍ እርሱ ነው። የወረራው ዘመን ጥላ ገና ባልተገፈፈበት፣ የኤርትራ ጦርነትና የመካከለኛው ምሥራቅ ፖለቲካ ሙስሊሙን ሁሉ በውጭ አገር ዐይን በሚያሳይበት ጊዜ፣ ሰልፈኛው ከሁሉ በፊት የነገረው ማንነቱን ነበር። ሌላ አገር አልጠየቀም፤ የተለየ ሕግ ለመላው አገር እንዲሆንም አልጠየቀም። የሚከራከረው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ነበር። «የሚኖር» የተባለ ሰው ሞገስ ይለምናል፤ «ኢትዮጵያዊ» የሆነ ሰው ግን ድርሻውን ይጠይቃል። ቀድሞ በዒድ ቀን ቤተ መንግሥት ከሚገቡት ሽማግሌዎች ጥቂት ቃል ይሰማ የነበረው መንግሥት፣ በዚያ ቅዳሜ ከብዙ ሺህ ሰው አንድ ጽሑፍ ተቀበለ።

አቤቱታ፣ ነሲሓና ኹሩጅ

በመድረሳም በመስጊድም ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ፦ እንዲህ ያለ ተቃውሞ በዲን ሚዛን ሲመዘን የት ይወድቃል? አንዳንዱ ሰልፍን ሁሉ ፊትና ይለዋል፤ ሌላው ደግሞ መሪን መቃወምን ሁሉ ጂሃድ ያደርገዋል። የታሪኩ መዝገብ ከሁለቱም የተሻለ ማስተዋል ይሰጠናል።

አቡበክር (ረ.ዐ.) በሰቂፋ ከተመረጡ በኋላ ለሕዝቡ ያደረጉት የመጀመሪያ ንግግር በሲራ መጻሕፍት የታወቀ ነው። ፍሬ ነገሩ፣ ከእናንተ በላጭ ሳልሆን ተሹሜባችኋለሁ፤ መልካም ብሠራ እንድታግዙኝ፣ ብሳሳትም እንድታቀኑኝ የሚል ነው። በእስልምና ታሪክ የመጀመሪያው ኸሊፋ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ ሕዝቡ እርሱን የማቅናት ድርሻ እንዳለው በራሱ አንደበት አወጀ ማለት ነው። ዲን ነሲሓ መሆኑን፣ ነሲሓውም ለመሪዎችና ለተራው ሕዝብ ጭምር እንደሚገባ፣ በበደለኛ ገዥ ፊት የሐቅን ቃል መናገርም ታላቅ ደረጃ እንዳለው የሚያስተምሩት ሐዲሦች ከዚህ ጋር አብረው የሚነበቡ ናቸው።

የተቃዋሚን መብት በተመለከተ ደግሞ የዐሊይ (ረ.ዐ.) አያያዝ ከሁሉ የጎላ ነው። በ35 ዓመተ ሂጅራ መጨረሻ ኸሊፋ ሆኑ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ኸዋሪጆች ከሠራዊታቸው ተለይተው ወጡ፣ በመስጊድ ውስጥም በድምፅ ይቃወሟቸው ጀመር። ዐሊይ (ረ.ዐ.) ከመስጊድ እንደማይከለክሏቸው፣ ከእርሳቸው ጋር እስካሉ ድረስ ከፈይእ ድርሻቸው እንደማያስቀሩባቸው፣ እነርሱ ካልጀመሩም ውጊያ እንደማይጀምሩባቸው ነገሯቸው። ኢብኑ ዐባስን (ረ.ዐ.) ልከው አከራከሯቸው፤ ብዙዎቹም ተመለሱ። ጦርነቱ የመጣው የቀሩት ደም ካፈሰሱ በኋላ ነው። የፊቅህ ሊቃውንት የቡጋትን ሕግ ሲያብራሩ ከዚህ አያያዝ ትልቅ መሠረት ወስደዋል። ቃልን በቃል መመለስ፣ ሰይፍን ግን ሰይፍ እስኪመዘዝ ማቆየት ማለት ነው። በተቃራኒው በኸሊፋው ዑስማን (ረ.ዐ.) ዘመን መጨረሻ ከምስር፣ ከኩፋና ከበስራ አቤቱታ ይዘው የመጡት ቡድኖች ቤታቸውን ከብበው፣ በመጨረሻም እርሳቸውን ገድለው ያስከተሉትን መከፋፈል እናውቃለን። አቤቱታ ወደ ከበባ ሲለወጥ ጠያቂውም ተጠያቂውም ይጠፋል።

እነዚህ ምሳሌዎች ግን ገዥውም ተገዥውም ሙስሊም ከሆነበት ዘመን የተወሰዱ ናቸው። የኢትዮጵያ ሙስሊም ለራሱ ሁኔታ የሚቀርበው ምሳሌ በገዛ አገሩ መሬት የተፈጸመው ነው። ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ.) በነጃሺ ችሎት የቆሙት የሌላ እምነት ተከታይ በሆነ ንጉሥ ፊት ነው። የቁረይሽ መልእክተኞች ስጦታ ይዘው፣ ስደተኞቹ ሳይጠየቁ እንዲሰጧቸው ለምነው ነበር፤ ንጉሡ ግን ሁለተኛውን ወገን ሳልሰማ አልፈርድም አሉ። ጀዕፈርም እምነታቸውን ሳይደብቁ፣ ንጉሡንም ሳይዘልፉ፣ ጉዳያቸውን ከመነሻው አስረዱ። በዚያ ችሎት ሁለት ነገሮች ተገናኙ፤ በአደብ የሚናገር አቤቱታ አቅራቢና አድምጦ የሚፈርድ ባለ ሥልጣን።

ሚያዝያ 12ን በዚህ ሚዛን ብናስቀምጠው፣ በአኳኋኑ ከኹሩጅ የራቀ፣ ከነሲሓና ከአቤቱታ የሚመደብ ሆኖ እናገኘዋለን። መሣሪያ አልያዘም፤ ንብረት አላጠፋም፤ የመንግሥቱን ሕልውና አልካደም፤ የጎረቤቱን እምነት አልነካም፤ የሚፈልገውን በግልጽ ጽፎ ለሚመለከተው ሰጠ። የጀዕፈር ድርሻ ተፈጸመ። የቀረው የችሎቱ ድርሻ ነበር።

መልሱ ከማን እጅ መጣ?

የልጅ እንዳልካቸው መንግሥት ጥያቄዎቹን እንደሚመለከት ቃል ገባ፤ ቃሉን የሚፈጽምበት ዕድሜ ግን አላገኘም። ካቢኔው በአንድ በኩል ከአሮጌው ሥርዐት ባለ ርስቶች፣ በሌላ በኩል በሰኔ ከተደራጀው የወታደሮች ኮሚቴ መካከል ተይዞ ነበር። ሐምሌ 15 ቀን 1966 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ተነሡ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከዙፋን ወረዱ፤ ኅዳር 14 ቀን አክሊሉና እንዳልካቸው፣ የተሻሩትና የተኳቸው፣ ከሌሎች ባለ ሥልጣናት ጋር ያለ ፍርድ ተገደሉ። አቤቱታውን የተቀበለው ሰው በሰባት ወር ውስጥ ራሱ የሚሰማው ችሎት አጣ።

መልሱን የሰጠው ደርግ ነው። ሦስቱ በዓላት በ1967 ዓ.ም. ብሔራዊ በዓላት ሆኑ። ሕገ መንግሥቱ ስለታገደ 126ኛው አንቀጽ አብሮ ወደቀ። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት መሆኑ ሲታወጅ፣ በጉልበቱ ሊያርስ የሚፈልግ ሰው ሁሉ እስከ 10 ሄክታር የሚደርስ መሬት ሊመደብለት እንደሚችል ተደነገገ፤ ርስት በነበረባቸው እንደ ጎጃም ያሉ አገሮችም ገበሬው በሚያርሰው መሬት ላይ ባለ ይዞታ እንዲሆን ተወሰነ። መሬት የማግኘት መብት ከዘር ቆጠራ ሲላቀቅ፣ ሙስሊሙ አራሽ የእርቦና የሲሶ ክፍያ ከጫንቃው ወረደለት። በ1960 ዓ.ም. በመሣሪያ የተጠበቀው ርስት፣ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቀረ። ብሔራዊ ምክር ቤቱም ተመሠረተ፤ የቁርኣኑ የአማርኛ ትርጉም ከደከሙበት ሊቃውንት አንዱ የሆኑት ሐጂ መሐመድ ሳኒ ሐቢብ የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ሆኑ።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የድል ታሪክ ይመስላል። የዚያኑ መንግሥት የመጀመሪያ አዋጅ ማንበብ ግን ያስፈልጋል። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱን ያወረደው አዋጅ ቁጥር 1 «ኢትዮጵያ ትቅደም» የሚለውን ዓላማ መቃወምን፣ አድማን፣ ያልተፈቀደ ስብሰባንና ሰላማዊ ሰልፍን ከለከለ። ሚያዝያ 12 የተደረገው ነገር፣ በዓላቱ በተሰጡበት ዓመት፣ ወንጀል ሆነ። ዒዱ ተፈቀደ፤ ዒዱን ያስገኘው መንገድ ተዘጋ።

ውጤቱም በቀጣዮቹ ዓመታት ታየ። ወጣቶች በነጻ እንዲደራጁ የቀረበው ጥያቄ መልስ አላገኘም፤ መደራጀት በመንግሥት ጥላ ሥር ብቻ የሚቻል ሆነ። የሃይማኖት እኩልነት በአዋጅ ሲነገር፣ ሃይማኖት ራሱ በርእዮተ ዓለም ዐይን በጥርጣሬ ይታይ ጀመር። ምክር ቤቱ ስም እንጂ በአዋጅ የተሰጠ ሕጋዊ ሰውነት ሳይኖረው ለአሥርት ዓመታት ቆየ። ይህ ጎዶሎነት ምክር ቤቱን ለመንግሥት ጣልቃ ገብነት፣ ምእመኑን ደግሞ ለውስጥ ክርክር አጋልጦ ኖሯል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጠያቂው እንደገና መጠየቅ በማይችልበት ቦታ የተሰጠ መልስ የሰጪው ንብረት ሆኖ ይቀራል፤ ሰጪው ሲፈልግ ያሰፋዋል፣ ሲፈልግ ያጠበዋል። ስሙ ተለውጦ እንደሆነ እንጂ ነገሩ ተመልሶ ሞገስ ይሆናል።

የቀሩት ጥያቄዎች የተመለሱት ቀስ በቀስ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ11ኛው አንቀጽ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በ27ኛው የሃይማኖት ነጻነትን፣ በ30ኛው ደግሞ የመሰብሰብ፣ ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግና አቤቱታ የማቅረብ መብትን ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ተጠናከሩ። የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ያገኘው በሰኔ 2012 ዓ.ም. ነው፤ ጥያቄው ለልጅ እንዳልካቸው ከቀረበ ከ46 ዓመት በኋላ። በሚያዝያ የቀረበ አንድ አንቀጽ በርካታ የመንግሥት መሪዎችን አሳልፎ መልስ አገኘ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለመምህራንና ለኢማሞች

ይህ ታሪክ በክፍልና በሚንበር ላይ ሲነገር ሦስት ነገሮች ባይዘነጉ መልካም ነው።

አንደኛ፣ ሰልፉ የአገሪቱ እንቅስቃሴ አካል እንደነበረና ክርስቲያን ወገኖች አብረው እንደወጡ ይነገር። በአማራ ክልል ገጠሮች፣ በተለይም ሙስሊሙ በቁጥር አነስተኛ በሆነባቸው እንደ አዊ ባሉ አካባቢዎች፣ የሚማረው ልጅ ይህን ቀን አንዱ ሃይማኖት በሌላው ላይ የተነሣበት ቀን አድርጎ እንዳይረዳው ያስፈልጋል። የተቃወሙት አንቀጽን ነበር፤ ጎረቤትን አልነበረም።

ሁለተኛ፣ ጥያቄ አቅራቢው ያደረገው ዝግጅት ይጠና። 13ቱ ነጥቦች እያንዳንዳቸው ሊመለሱ የሚችሉ፣ ለማን እንደሚቀርቡ የታወቁ፣ ጊዜያቸውን የጠበቁ ነበሩ። ሕገ መንግሥቱ ሊሻሻል በተቃረበበት ወር የቀረበ የሕገ መንግሥት ጥያቄ ነበር። ቁጣ ብቻውን ይህን አያደርግም፤ ዕውቀትና ሹራ ያስፈልጉታል። ተማሪዎች የ1948ቱን 126ኛ አንቀጽና የ1987ቱን 11ኛና 30ኛ አንቀጾች ጎን ለጎን አንብበው ልዩነቱን በራሳቸው ቃል እንዲያስረዱ ቢደረግ፣ ከአንድ ሰዓት ንግግር የበለጠ ይማራሉ።

ሦስተኛ፣ የቃል ታሪኩ ይሰብሰብ። በዚያ ቅዳሜ 20 ዓመት የነበረው ወጣት ዛሬ 70ን አልፏል። አዲስ አበባ የወጣው ብቻ ሳይሆን፣ በዳንግላ ገበያ ሸማ ሲሸጥ ወሬውን የሰማው፣ በ1967 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ መሬት የተመዘገበለት አባት፣ ዒድ ትምህርት ቤት የተዘጋበትን የመጀመሪያ ዓመት የምታስታውስ እናት፣ ሁሉም የዚህ ታሪክ ምስክሮች ናቸው። አንድ መምህር ተማሪዎቹን ደብተር አስይዞ ወደ እነዚህ አባቶችና እናቶች ቢልክ፣ አንድ ኢማምም ከመግሪብ እስከ ዒሻ ባለው ጊዜ ሽማግሌዎቹን ቢያናግር፣ በቤተ መዛግብት የማይገኝ ዕውቀት ይተርፋል።

በየዘመኑ አዲስ መንግሥት ይመጣል፤ በሹመትም ይምጣ በምርጫ፣ በመጀመሪያ ወራቱ ብዙ ቃል ይገባል። አቡበክር (ረ.ዐ.) በመጀመሪያው ቀን የጠየቁት እንዲያሞግሷቸው አልነበረም፤ እንዲያቀኗቸው ነበር። በሚያዝያ 1966 አዲስ አበባ ላይ የወጣው ሕዝብም በሚችለው መጠን ይህንኑ አድርጓል። እርሱ የጻፋቸው ጥያቄዎች በአብዛኛው በሕግ ተመልሰዋል። የተመለሰውን የሚጠብቀው ግን ያው በዚያ ቀን የተሠራበት መንገድ ነው፤ በሰላም መሰብሰብ፣ በግልጽ መጻፍ፣ በአደብ መናገር፣ ሲነገርም የሚሰማ ችሎት መኖሩ። ለልጆቻችን የምናወርሰው ሦስቱን በዓላት ብቻ ሳይሆን፣ በዓላቱ የተጠየቁበትን ይህን መንገድ ጭምር ሊሆን ይገባል።